በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ደም ሲታይ፦ ከመጀመሪያዋ ጠብታ እስከ ምርመራው ውጤት ምን ይደረግ?

ውስጥ ሱሪ ላይ የታየች አንዲት የደም ጠብታ ነፍሰ ጡርን ሴት ከእግር እስከ ራሷ ታንቀጠቅጣለች። መደንገጥሽ ትክክል ነው። ግን ይህን እወቂ፤ ከአራት እርግዝናዎች በአንዱ ገደማ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ ደም ይታያል። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ፣ እንዲያውም ከግማሽ በላይ፣ ይቀጥላሉ። ደም ታየ ማለት ጽንሱ ወረደ ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል "ትንሽ ናት፣ ትቆማለች" ብሎ መተውም አደጋ አለው። ከሁሉ የሚያሰጋው ችግር፣ ማለትም ከማህፀን ውጭ የተቋጠረ እርግዝና፣ አንዳንዴ የሚያሳየው ጥቂት ቡናማ ደም ብቻ ነው። የደሙ መጠን ምን ያህል መፍጠን እንዳለብሽ ይነግርሻል እንጂ ደሙ ከየት እንደመጣና ጽንሱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አይናገርም። ያንን የሚናገረው ምርመራ ነው። እስከ ምርመራው ድረስ ያለውን ጊዜ በጥንቃቄ ማሳለፍ ግን በእጅሽ ነው።

ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ካለ ማንበቡን ትተሽ ሂጂ

- አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚርስ ከሆነና ይህ ለሁለት ሰዓት ያህል ከቀጠለ። ከዚህም ፈጥኖ የሚሞላ ከሆነ ሁለት ሰዓቱን አትጠብቂ።
- ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ በተለይ ከእምብርት በታች በአንድ ጎን በኩል የሚበረታና የማይለቅ።
- የትከሻ ጫፍ ሕመም። ከማህፀን ውጭ ያለ እርግዝና ቱቦውን ሲቀድደው ደም ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ ደሙ ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ሲነካ ሕመሙ የሚሰማው ትከሻ ላይ ነው። ብዙዎች "ተኝቼበት ይሆናል" ብለው ያልፉታል።
- ስትነሺ ማዞር፣ ራስን መሳት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን። ደሙ ወደ ውጭ ባይታይም ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።
- 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ።

ብቻሽን አትሂጂ፤ መኪናም አትንጂ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብም መጠጥም ከአፍሽ አታስገቢ። መጓጓዣ እስኪመጣ በጎንሽ ተኚ፤ ካዞረሽ እግርሽን ከፍ አድርጊ።

በመጀመሪያ፦ ደሙ ከየት ነው?

ነገሩ ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ደም ከሽንት ቧንቧ ወይም ከፊንጢጣም ሊመጣ ይችላል። የሆድ ድርቀትና ኪንታሮት በእርግዝና ጊዜ የተለመዱ ናቸው፤ የሽንት ኢንፌክሽንም እንዲሁ። ስትጸዳጂ የፊቱንና የኋላውን በተለያየ ሶፍት ጥረጊና የትኛው ላይ እንደታየ እዪ። ሽንት ስትሸኚ ብቻ የሚታይና የሚያቃጥል ከሆነ የሽንት ምርመራ ያስፈልግሻል። አሁንም ካልለየልሽ ከማህፀን ነው ብለሽ ቁጠሪና ወደሚቀጥለው እለፊ።

ሞዴስ አድርጊ፣ ሰዓቱን ያዢ

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ "ምን ያህል ፈሰሰሽ?" ብሎ ነው። "ብዙ ነው" የሚለው መልስ አይረዳውም፤ የአንዷ ብዙ ለሌላዋ ጥቂት ነውና። ስለዚህ ነጣ ያለ ሞዴስ አድርጊ፣ ያደረግሽበትን ሰዓት ያዢ፣ ስትቀይሪ ደግሞ ምን ያህሉ እንደራሰ እዪ፦ የሳንቲም ስፋት ነው? ግማሹን ሸፍኗል? ወይስ ከዳር እስከ ዳር ርሶ ወደ ልብስሽ አልፏል? ታምፖን ፈጽሞ አትጠቀሚ። መጠኑን ከመደበቁም በላይ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

ሽንት ቤት ውስጥ ውሃ ላይ የወደቀ ደም ከመጠኑ በላይ ሆኖ ይታያል። ሁለት ማንኪያ የማይሞላ ደም ውሃውን በሙሉ ያቀላዋል። ልኬትሽ ሞዴሱ ይሁን።

ማስታወሻው አጭር ቢሆን ይበቃል፤ ስልክሽ ላይም ቢሆን ጻፊው። ለምሳሌ፦ "ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቡናማ፣ የሳንቲም ስፋት፣ ሕመም የለም። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ደማቅ ቀይ፣ ሩብ ሞዴስ፣ የወር አበባ ዓይነት ቁርጠት።" ከዚህ ጋር የመጨረሻው የወር አበባሽ የመጀመሪያ ቀን፣ ዑደትሽ ስንት ቀን እንደሆነ፣ የደም ዓይነትሽ፣ የምትወስጃቸው መድኃኒቶች፣ ከዚህ በፊት ጽንስ ወርዶብሽ ወይም ከማህፀን ውጭ አርግዘሽ ከነበረ ጨምሪ። የመጨረሻው የወር አበባ ቀን ትልቅ ቦታ አለው፤ የአልትራሳውንድ ውጤት ትርጉም የሚያገኘው ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው።

ቀለሙስ? ቡናማ ማለት ቆይቶ የወጣ ደም፣ ደማቅ ቀይ ማለት አሁን እየፈሰሰ ያለ ደም ነው። ቡናማው በአብዛኛው ቀለል ይላል። ግን በቀለም ብቻ አትጽናኚ፤ ከላይ እንዳልነው ከማህፀን ውጭ ያለ እርግዝናም ቡናማ ሊያሳይ ይችላል።

የረጋ ደም ወይስ ሌላ ነገር?

ጓጉሎ የወጣ ነገር ካየሽ ወዲያው ውሃ አትልቀቂበት። በጓንት ወይም በንጹሕ ፌስታል አንሺውና በንጹሕ ውሃ ቀስ አድርገሽ አለቅልቂው። የረጋ ደም ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ እንደ ጉበት ይለሰልሳል፣ ሲጫኑት ይፈርሳል፣ ውሃውንም ያቀላዋል። የእርግዝና አካል ከሆነ ግን ደሙ ታጥቦ ሲሄድ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ነገር ይቀራል፤ አይበታተንም፣ ውሃ ውስጥ ሲሆን ጠርዙ እንደ ጥጥ ጭረት ይንሳፈፋል። በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጊና በዚያው ቀን ይዘሽ ሂጂ። አልኮልም ሌላ ኬሚካልም አትጨምሪበት። ማየቱ ከከበደሽ ሳታጥቢ እንዳለ ክደኚው፤ የሚመረምሩት ሰዎች አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከማህፀን ውጭ በሚፈጠር እርግዝናም የማህፀን ሽፋን በአንድ ላይ ተላቅቆ፣ የማህፀኑን ቅርጽ ይዞ ሊወጣ ይችላል። "ወጣ፣ አበቃ" ተብሎ ሳይመረመሩ መቅረት የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። የወጣው ነገር ምንም ይሁን ምን አልትራሳውንድ አይቅርብሽ።

መቼ ነው የምትመረመሪው?

የአደጋ ምልክቶቹ ከሌሉ ሁለት መንገድ አለ። ደማቅ ቀይ ደም ካለ፣ ቁርጠት ከተከተለው፣ የረጋ ደም ከወጣ፣ በዚያው ቀን ሂጂ። ለአንድ ጊዜ ብቻ የታየ፣ ሕመም የሌለው ጠብታ ከሆነ ደግሞ ስልክ ደውለሽ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ታዪ። ከዚህ በፊት ከማህፀን ውጭ አርግዘሽ ከሆነ፣ የማህፀን ቱቦ ቀዶ ሕክምና ወይም ከባድ የማህፀን ኢንፌክሽን ከነበረብሽ፣ ወይም ሉፕ እያለሽ ከሆነ ያረገዝሽው፣ ጠብታዋ ብትቆምም በዚያው ቀን ታዪ። እርግዝናው በአልትራሳውንድ ማህፀን ውስጥ መሆኑ ገና ያልታየላት ሴት ሁሉ ማንኛውንም ሕመም ከቁም ነገር ልታየው ይገባል።

እስከዚያው ድረስ የሚደረገውና የማይደረገው

አልጋ ላይ መዋል ጽንስን ከመውረድ አያድንም። ይህ በጥናት የተፈተሸ ነው፤ ተኝታ የከረመችውና እንደ ልቧ የተንቀሳቀሰችው በውጤት አልተለያዩም። ተኝተሽ ስትነሺ ደም በዛ ያለ ቢመስልሽ፣ ብልት ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየው በአንዴ ስለወጣ ነው። ድካም ከተሰማሽ እረፊ፤ ቀላል ሥራሽን ሠርተሽ መዋል ከፈለግሽም ጥፋት የለበትም። ለጥቂት ቀናት ከባድ ዕቃ ከማንሳት መቆጠብም ትችያለሽ። ግን "ትናንት ያነሣሁት ዕቃ ነው ያመጣው" እያልሽ ራስሽን አትክሰሺ።

ደሙ እስኪቆም ግንኙነት ይቅር። ወደ ውስጥ በውሃም በሳሙናም መታጠብ ጨርሶ አይገባም፤ ከውጭ በለብታ ውሃ መታጠብ ይበቃል።

ለቁርጠት ፓራሲታሞል ይሻላል፦ 500 ሚሊግራም ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። የጉበት ሕመም ካለብሽ ወይም ክብደትሽ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ መጀመሪያ ጠይቂ። ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና ለሕመም የሚወሰድ አስፕሪን ይቅሩ። ሐኪም አዝዞልሽ የምትወስጂው አስፕሪን ወይም ደም ማቅጠኛ ካለ ግን በራስሽ አታቋርጪ፤ በዚያው ቀን ደውለሽ ጠይቂ። ፓራሲታሞሉ ሁለት ጊዜ ተወስዶ ሕመሙ ካልበረደ፣ ሌላ መድኃኒት ከመደረብ መመርመር ይቀድማል። ሰው የሚመክርሽን ሥራ ሥርና ቅጠል አትጠጪ፤ አንዳንዱ ማህፀን ያኮማትራል።

የእርግዝና መመርመሪያ በየቀኑ እየገዙ መስመሩ ደመቀ፣ ፈዘዘ ብሎ ማስላት ጭንቀት ብቻ ነው የሚጨምረው። ድምቀቱ በጠጣሽው ውሃ መጠን ይለዋወጣል፤ ጽንስ ከወረደ በኋላም ለሳምንታት "አርግዘሻል" ሊል ይችላል። ማቅለሽለሹ ዛሬ ቀነሰ፣ ጡቴ ለሰለሰ ብሎ መደምደምም እንዲሁ ነው።

ደሙን የሚያመጣው ምንድን ነው?

ጽንሱ ማህፀን ግድግዳ ላይ ሲጣበቅ፣ ከተፀነሰ 10 እስከ 14 ቀን ገደማ፣ ጥቂት ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል፤ የወር አበባ ሊመጣ በሚጠበቅበት ሰሞን ስለሚሆን ብዙዎች ይሳሳቱበታል። የማህፀን በር በእርግዝና ጊዜ ደም ስለሚበዛበት ከግንኙነት ወይም ከምርመራ በኋላ በቀላሉ ይደማል፤ ቁስለት፣ ፖሊፕ ወይም ኢንፌክሽን ካለ ደግሞ ይብሳል። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚታየው በጽንሱ ከረጢትና በማህፀኑ ግድግዳ መካከል ደም መቋጠር ነው። ትንሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይመጥጠዋል፤ አንዳንዴም ቡናማ ሆኖ ለቀናት ይንጠባጠባል።

ጽንስ መውረድም አለ። ከታወቁ እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 በመቶው በዚህ ያልፋል፤ ቀድሞ ከሚወርዱት ግማሽ ያህሉ ወይም በላይ የሚሆኑት ገና ሲፀነሱ በተፈጠረ የክሮሞሶም ጉድለት ነው። ድንጋጤ፣ ሥራ፣ መንገድ፣ ግንኙነት አላመጣውም። ከማህፀን ውጭ እርግዝና ከ100 እርግዝናዎች በአንዱ ወይም በሁለቱ ይከሰታል፤ ብዙውን ጊዜ ምልክቱ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ይጀምራል። በጣም አልፎ አልፎ ደግሞ የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት ያለ ልክ አድገው እንደ ወይን ዘለላ ያበጡበት እርግዝና ያጋጥማል፤ ከባድ ትውከትና ከሳምንቱ በላይ የተለቀ ማህፀን ምልክቱ ነው፤ የግድ ሕክምናና ክትትል ይፈልጋል።

ምርመራው ላይ

የደም ግፊትና የልብ ምት ይለካል፤ ሆድሽ ይዳሰሳል፤ የማህፀን በር ተከፍቶ እንደሆነ ይታያል። ደም ተወስዶ የደም መጠንሽ፣ የደም ዓይነትሽና የእርግዝና ሆርሞንሽ ይለካል። ከዚያ አልትራሳውንድ ነው። በዚህ ወቅት የሚሻለው በብልት በኩል የሚደረገው ነው፤ ጠባብ መሣሪያ ነው፣ ጽንሱን አይጎዳም፣ ደሙንም አያብሰውም። ለዚህኛው ሽንትሽን ሸንተሽ ግቢ፤ በሆድ ላይ ለሚደረገው ግን ፊኛሽ መሙላት አለበት።

በ5ኛው ሳምንት ገደማ ከረጢቱ፣ በ6ኛው ገደማ የልብ ምቱ ይታያል። እንግዲህ ያረገዝሽበትን ጊዜ በአንድ ሳምንት ብትስቺ "ባዶ ከረጢት" ሊባል የሚችለው ጤነኛ እርግዝና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነው ጽንሱ 7 ሚሊሜትር ደርሶ የልብ ምት ካልታየ፣ ወይም ከረጢቱ በአማካይ 25 ሚሊሜትር ሆኖ ጽንስ ከሌለበት ብቻ "አቁሟል" የሚባለው። ከዚህ ካነሰ ውሳኔው ከ7 እስከ 14 ቀን ቆይቶ እንደገና ማየት ነው። በአንድ አልትራሳውንድ ተቻኩሎ "ይጠረግ" ከተባልሽና ልኬቱ ከዚህ በታች ከሆነ፣ ድጋሚ እንዲታይ ወይም ሁለተኛ ሐኪም እንዲያየው መጠየቅ መብትሽ ነው። ሕመምና ብዙ ደም እስከሌለ ድረስ መጠበቁ አይጎዳም።

እርግዝናው የት እንዳለ ካልታየ ሆርሞኑ በ48 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለካል። በጤነኛ እርግዝና መጀመሪያ ላይ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ በግማሽ ገደማ ይጨምራል። የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። በደንብ ጨመረ ማለትም ከማህፀን ውጭ አይደለም ማለት ስላልሆነ፣ ቀጠሮውን አትዝለዪ።

ከመውጣትሽ በፊት እነዚህን ጠይቂ፦ እርግዝናው ማህፀን ውስጥ ነው? የልብ ምት አለ? ልኬቱ የስንት ሳምንት ነው? የተቋጠረ ደም አለ? የደም ዓይነቴ ምንድን ነው? መቼ ልመለስ? መልሱን ጻፊው ወይም ወረቀቱን ፎቶ አንሺው።

የደም ዓይነትሽ ኔጌቲቭ ከሆነ ሾተላይን የሚከላከለው መርፌ ጉዳይ ይነሣል። ከማህፀን ውጭ እርግዝና ከሆነ፣ ማህፀን ከተጠረገ፣ ወይም ደሙ ከ12 ሳምንት በኋላ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይሰጣል፤ የሚሰጠውም በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ከ12 ሳምንት በፊት ላለ ቀላል ደም መመሪያዎች ስለሚለያዩ በግልጽ ጠይቂ። የጤና ባለሙያው ካላነሣው አንቺ አንሺው።

ፕሮጄስትሮን (እርግዝናን የሚደግፍ ሆርሞን) ለሁሉም ሴት የሚሰጥ ማዳኛ አይደለም። ጥቅም የታየበት ከዚህ በፊት ጽንስ ወርዶባቸው አሁን ደም ለታያቸውና እርግዝናው ማህፀን ውስጥ መሆኑ ለተረጋገጠ ሴቶች ነው፤ በዚያን ጊዜ 400 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ በብልት ይደረጋል፣ እርግዝናው ከቀጠለ እስከ 16 ሳምንት። ሐኪም ሳያዝዝ አትጀምሪው።

የልብ ምት ከታየ

መልካም ዜና ነው። ደም እያለም የልብ ምት ከታየ አብዛኛው እርግዝና ይቀጥላል። ደሙ ለቀናት ሊንጠባጠብ ስለሚችል ማስታወሻሽን አታቋርጪ። ከበዛ፣ ወይም ከ14 ቀን በላይ ከዘለቀ፣ ተመለሺ። ፎሊክ አሲድሽን ቀጥዪ። ክትትል ስትሄጂም ደም ታይቶሽ እንደነበር ንገሪ።

ጽንሱ ከወረደ ወይም ካቆመ

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ሰውነት ራሱ እንዲጨርሰው መጠበቅ ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይሰጠዋል። ሁለተኛው መድኃኒት፣ ሦስተኛው በመምጠጫ ማህፀንን ማጽዳት ነው። ደሙ ብዙ ከሆነ ወይም ኢንፌክሽን ካለ ምርጫው ሦስተኛው ይሆናል፤ ካልሆነ ግን ምርጫው የአንቺም ነው። ቤት ሆነሽ የምትጠብቂ ከሆነ ከወር አበባ የበዛ ደምና ጠንካራ ቁርጠት ለጥቂት ሰዓታት ይኖራል፣ ከዚያ ይቀንሳል፤ ቀሪው እስከ 2 ሳምንት ሊንጠባጠብ ይችላል። መጀመሪያ ላይ የተዘረዘሩት የአደጋ ምልክቶች እዚህም ይሠራሉ፣ በተለይ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሞላው ሞዴስና ትኩሳት።

ከ3 ሳምንት በኋላ የሽንት የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፤ አሁንም እርግዝና ካሳየ ተመለሺ። የወር አበባ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይመጣል። እርግዝና ግን ከዚያ በፊት፣ በ2 ሳምንት ውስጥም ሊቋጠር ይችላል፤ ለጊዜው ካልፈለግሽ መከላከያውን አሁን ጀምሪ። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከወረደብሽ ምክንያቱን የሚፈልግ ምርመራ ጠይቂ።

እንደወለደች እናት ማዘንሽ አይገርምም። ሳምንቱ ማነሱ ሐዘንሽን አያሳንሰውም፤ "ገና ምንም አልነበረም" የሚልሽን አትስሚ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሎሽ ከ2 ሳምንት በላይ ከዘለቀ ስለዚህም ለሐኪምሽ ተናገሪ።

አብሯት ላለው ሰው

"አይዞሽ፣ ምንም አይደለም" ከማለት "ስንት ሰዓት ነው የቀየርሽው?" ብለህ ማስታወሻውን መያዝ ይበልጥ ይረዳታል። የሆስፒታሉን ስልክና በሌሊት የምትሄዱበትን መጓጓዣ ገና በቀን አረጋግጥ። የክትትል ካርዷን፣ መታወቂያዋን፣ ሁለት ትርፍ ሞዴስና ቅያሪ ልብስ በአንድ ቦርሳ በር አጠገብ አስቀምጥ። ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ አብረሃት ተነሣ፤ በሩንም ከውስጥ አትቆልፈው፤ የምትስት ከሆነ የምትስተው ብዙውን ጊዜ ከተቀመጠችበት ስትነሣ ነው።